ጉዛራን ለመጎብኘት፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሚነሳ ተጓዥ

የጉዛራ ቤተ መንግሥት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና አዲስ ዘመን ከተማ ታልፎ፣ በእንፍራዝ አቅራቢያ፣ የጣናን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ የቆመ የድንጋይና የኖራ ግንብ ነው። የአፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ እንደሆነ በተለምዶ ይነገራል። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1979) የጎንደሩን ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራም በዚያው መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተነስቶ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ግንቡ ሩቅም ቅርብም ነው። ርቀቱ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ጉዞው ሁለት ሦስት ጊዜ መኪና መቀያየርን፣ ከብርዳማው ደጋ ወደ ሞቃቱ የሐይቅ ዳር ሜዳ መውረድንና በመጨረሻም ኮረብታ መውጣትን ይጠይቃል። ያልተዘጋጀ ተጓዥ ቀኑን በመናኸሪያ ያሳልፍና ኮረብታው ጫፍ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። ከዚህ በታች ጉዞው ከመነሻው እስከ መመለሻው በየደረጃው ቀርቧል።

1. ወቅቱንና ቀኑን መምረጥ

ለጉዛራ የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በጥቅምት ሣሩ ገና አልደረቀም፤ ሰማዩ ጠርቶ ሐይቁ ከነደሴቶቹ ይታያል፤ አቀበቱም ጭቃ አይዝም። ከየካቲት ወዲህ አቧራውና የማሳ ቃጠሎው ጭስ አየሩን ስለሚያደበዝዘው ግንቡ ቢታይም ከጫፉ የሚገኘው ዕይታ ግማሹ ይጎድላል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደግሞ ጉዞው አይመከርም። ምክንያቱ ዝናብ ልብስ ማበስበሱ ብቻ አይደለም። በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ አለ። በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብም ውሃ ሲጠጣ ድንጋዩ ይላላል፤ ድንጋይ በብዛት የሚወድቀው በክረምትና ክረምቱ እንደወጣ ነው። በዚያ ላይ ከአካባቢው ከፍ ብሎ በቆመ ጫፍ ላይ መብረቅ የሚያስፈራ ነገር ነው።

ቀን ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛው የጥምቀት ሰሞን ነው። ከጥር 9 እስከ 12 ባለው ጊዜ ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ሁሉ ስለሚሞላ መሐል መንገድ ላይ እንፍራዝ የሚወርድ ተሳፋሪ ወንበር ማግኘት ይቸግረዋል፤ ያገኘም እስከ ጎንደር ያለውን ሂሳብ ሊከፍል ይችላል። ሁለተኛው የበዓል ቀን ነው። በወርኃዊና በዓመታዊ በዓላት የግንቡ ጠባቂ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ስለሚችል በሥራ ቀን መሄድ ይሻላል። በጾም ወቅትና በረቡዕና ዓርብ በመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች የሚገኘው ሽሮና በያይነቱ ነውና ይህም አስቀድሞ ይታወቅ።

2. መረጃና ፈቃድ

ከክረምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገድ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ባለው ምሽት መጠየቅ ከሁሉም የሚቀድም ሥራ ነው። ስለ መንገዱ የሚጠየቀው በዚያው መስመር የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ ትናንት ያለፈበትን መንገድ ያውቃልና። ስለ ግንቡ የሚጠየቀው ደግሞ የአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ከሳምንት በፊት የተሰማ ወሬ በሁለቱም ጉዳይ አይበቃም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ ነው እንጂ «እንደምንም እንደርሳለን» ማለት አይገባም።

በግሉ ለሚሄድ ሰው የታደሰ መታወቂያና የመግቢያ ክፍያ ይበቃል። በየኬላው ፍተሻ ስላለ መታወቂያው ሻንጣ ሥር ሳይሆን በኪስ ይሁን። ተማሪ ይዞ የሚሄድ ትምህርት ቤት ግን የተጓዦቹ ስም ዝርዝር የተያያዘበት፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከወረዳው ያውጣ። ደብዳቤው ፍተሻን ያቀላል፤ ግንቡ ዘንድም ለቡድን አስጎብኚ እንዲመደብ ለመጠየቅ ይረዳል። የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለው በደረሰኝ ብቻ ነው። ደረሰኝ መጠየቅ ጠባቂውን አለማመን አይደለም፤ ስንት ሰው እንደመጣ ተመዝግቦ የሚቀረው በደረሰኙ ነው።

3. መንገዱ

ከላይ ጋይንት የሚነሳ ተጓዥ ከንፋስ መውጫ በክምር ድንጋይ አድርጎ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወረታ ይገባል። ከታች ጋይንትና ከስማዳ የሚመጣ በመጀመሪያ በአርብ ገበያ አድርጎ ንፋስ መውጫ መድረስ አለበት። የእስቴ ሰው ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ በቀጥታ ደብረ ታቦር ስለሚወጣ መንገዱ ያጥርለታል። ሁሉም ደብረ ታቦር ላይ ተገናኝተው ወረታ ይገባሉ። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ደቡብ ባሕር ዳር፣ ወደ ሰሜን አዲስ ዘመን፣ እንፍራዝና ጎንደር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት ስሌት ነው። ከንፋስ መውጫ እስከ እንፍራዝ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በራስ መኪና ይህ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በሕዝብ መኪና ግን ደብረ ታቦርና ወረታ ላይ መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ ስላለ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚያስብ ሰው ወይ ግንቡን በሩጫ ያየዋል፣ ወይ በጨለማ ይጓዛል፤ ሁለቱም የሚበጁ አይደሉም። ትክክለኛው አካሄድ በመጀመሪያው ቀን ወረታ ወይም አዲስ ዘመን ገብቶ ማደር፣ በማግስቱ ማለዳ ወደ እንፍራዝ መሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጎንደር መቀጠልም ወደ ደብረ ታቦር መመለስም ይቻላል። ጎንደር ድረስ የሚሄድ ሰው ጉዛራን አስቀድሞ ቢያይ ይጠቅመዋል፤ የፋሲልን ግንብ ሲያይ ከምን ጋር እንደሚያነጻጽረው ያውቃል።

መኪና ሲሳፈሩ ለረዳቱ «እንፍራዝ» ብቻ ማለት አይበቃም። «ጉዛራ ግንብ መታጠፊያ ላይ ወራጅ ነኝ» ብሎ ከመነሻው መናገር፣ አዲስ ዘመን ሲታለፍም ማስታወስ ያስፈልጋል። ረዳቱ ከረሳ መታጠፊያው ታልፎ በኋላ በባጃጅ መመለስ ይመጣል።

ከወረታ ወደ ሰሜን ያለው መንገድ የተዘጋበት ቀን ካጋጠመ ጉዞው ከንቱ አይሁን። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት፣ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራበት ቦታ፣ በግማሽ ቀን ታይቶ ወደ ቤት የሚመለሱበት ነው። ጋፋት ላይ የቆመ ግንብ የለምና ቦታውን የሚያስረዳ ሰው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

4. ልብስ፣ ስንቅና ጤና

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የጣና ዳር ሜዳ ግን ከ1800 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ተጓዡ ማለዳ በጉና ተራራ ግርጌ ሲያልፍ ጋቢ ያስፈልገዋል፤ ከወረታ በኋላ ግን ያው ጋቢ ሸክም ነው። ስለዚህ በላይ በላዩ የሚደረብ ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይሻላል። ጫማው ደግሞ ተረከዝ የሚይዝና ሶሉ ያላለቀ ይሁን። የኮንጎ ጫማ ሜዳ ላይ ቢመችም በደረቀ ሣርና በልቅ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ነጠላ፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ለጨለማ ክፍል የሚሆን ባትሪ፣ ለቁልቁለቱ ዱላ፤ ይኼው ይበቃል። ኮረብታው ላይ ውሃ ወይም ሱቅ አገኛለሁ ብሎ መውጣት ስህተት ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጤና ነው። ደጋ ያደገ ሰው ወባን ስላልለመደ ሰውነቱ አይቋቋማትም፤ መንገዱ የሚያልፍበት የፎገራና የሊቦ ከምከም ሜዳ ደግሞ የወባ አገር ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ተነስቶ እንደነበርም መታወስ አለበት። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ የምታንስ ስትሆን የምትናከሰውም ሲመሽና ሌሊት ነው። ስለዚህ የሚያድር ሰው አጎበር ያለው አልጋ ጠይቆ ይያዝ። ሲመሽ እጅጌውን ያውርድ፤ ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር አይተኛ። ተማሪዎችን ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ማሳደር የተለመደ ቢሆንም በዚህ አካባቢ ግን ያለ አጎበር መደረግ የለበትም። ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ የት እንደነበረ ለባለሙያው ይንገር፤ ካልተናገረ ደጋ ላይ ወባ መሆኑ ቶሎ አይጠረጠርምና።

5. ወደ ኮረብታው መውጣት

አቀበቱ ረጅም ባይሆንም የሚወጡበት ሰዓት ልዩነት ያመጣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የጀመረ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ጫፉ ይደርሳል። ሐይቁ ከግንቡ ወደ ምዕራብ ስለሆነም ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ሆና ውሃውንና ሜዳውን ታበራለች። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትሆን ከሐይቁ የሚመጣው ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል።

እረኞች የሚያሳዩት አቋራጭ አለ። ቢያሳጥርም ቁልቁለቱ የከፋ ነው፤ በክረምት ማግስት አፈሩ ስለሚሸረሸር መንገዱ ይበልጥ ይጎዳል። የተለመደውን መንገድ መያዝ ለሰውም ለኮረብታውም ይሻላል። በማሳ መሐል መቁረጥ አይገባም፤ በጥቅምትና በኅዳር ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ነው። በመንገድ ለሚገኝ አረጋዊ ቆሞ «እንዴት አደሩ አባቴ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ከጥያቄ ይቀድማል። መንገዱን የሚያሳይ ወጣት ከተገኘ ዋጋውን ሥር ላይ መነጋገር ይሻላል፤ ጫፍ ላይ የሚነሳ የዋጋ ክርክር ለሁለቱም ደስ አይልም። ለሕፃናት ብርና እስክሪብቶ በየመንገዱ ማደል ግን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ልማድ ስለሚያሳድር መስጠት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ።

ሦስትና አራት ሆኖ መውጣት ከብቻ ይሻላል። ቡድን ከሆነ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይሁን፤ ከኋላ ያለው የደከመውን ሰው ፍጥነት ይጠብቃል።

6. ግንቡን ማየት

እንደደረሱ ወደ ውስጥ መግባት የብዙ ጎብኚ ልማድ ነው። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ግን በዙሪያው አንድ ጊዜ በእርጋታ መዞር ነው። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ከውጭ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ያዘነበለ ማዕዘን፣ ሥር የሰደደ ዛፍ የት እንዳለ ስለሚታይ ውስጥ ሲገባ በየትኛው በኩል እንደማይቆም ይታወቃል። ሁለተኛ፣ የሕንጻው ቅርጽ የሚገባው ከውጭ ነው። አራት ማዕዘን አካሉ፣ ማዕዘን ላይ የተያያዙት ክብ ማማዎች፣ የታችኛውና የላይኛው ፎቅ ክፍፍል በአንድ ዙር ይለያሉ። መዞሪያው ከግድግዳው ቢያንስ የግድግዳውን ግማሽ ቁመት ያህል ርቆ ይሁን።

ወደ ውስጥ ሲገባ ዓይን ከጨለማው እስኪለምድ በሩ ላይ ትንሽ መቆም፣ ከዚያም ባትሪውን መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ወለል ማብራት ያስፈልጋል። ወደ ላይ የሚበራው ልቅ ድንጋይ፣ የንብ መንጋና የሌሊት ወፍ ለማየት ነው። የንብ ድምፅ ከተሰማ ሳይጮኹና እጅ ሳያወናጭፉ መውጣት ይገባል። የበርና የመስኮት ቅስት ድንጋይ በድንጋይ ተደጋግፎ የቆመ ነውና አንዱ ከላላ ሌላውም አይጸናም፤ ስለዚህ የተሰነጠቀ ቅስት ሥር ቆሞ ማውራትም ፎቶ መነሳትም አይገባም።

ግድግዳውን ማንበብ ለሚፈልግ ጎብኚ መነሻው ቀዳዳ ነው። በእንዲህ ያሉ ግንቦች በግድግዳው ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ሲታዩ ወለል ወይም ጣሪያ የተሸከሙ ወራጆች የገቡባቸው ናቸው፤ እንጨቱ በስብሶ ቦታው ቀርቷል። በእነሱ ልክ የላይኛው ፎቅ ወለል የት እንደነበረ ይታወቃል። ቀጥሎ የሚታየው ኖራው ነው። ለስላሳ ልስን የቀረበት ክፍል ከዝናብ የተጠለለ ነው፤ ድንጋዩ ራቁቱን የወጣበት ደግሞ ውሃ የሚፈስበት ነው። በመስኮቶቹ በኩል ምን እንደሚታይ አንድ በአንድ መመልከትም ይጠቅማል፤ ኮረብታው ለምን እንደተመረጠ ከሐይቁ፣ ከሜዳውና ከመንገዱ ዕይታ ይገባል። ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ለዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል አይበዛም።

ደረጃና ላይኛው ፎቅ ክፍት የሚሆንበትም የሚከለከልበትም ጊዜ ስላለ ጠባቂውን ሳይጠይቁ መውጣት አይቻልም። ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰው ብቻ ይውጣ፤ ቀሪው ተራውን ይጠብቅ። አጥር በሌለው የግድግዳ ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መዝለል፣ ልጅ አቅፎ ጠርዝ ላይ መቆም ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

7. የማይነካውና የማይወሰደው

ጋይንት ያለችውን ቤተ ልሔምን የሚያውቅ ሰው የጉዛራ ችግር በቀላሉ ይገባዋል። በቤተ ልሔም ጥንታዊው ቤተ መቅደስ በላዩ በተሠራው ክብ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠብቆ ኖሯል። ጉዛራን ግን ከላይ የሚሸፍነው የለም። ዝናቡ በቀጥታ ይመታዋል፤ የሚጸዳዳበት ከብትና ወፍ አለ፤ ዘር የጣለበት ዛፍ ሥሩን በኖራው መሐል ይሰዳል። በዚህ ሁሉ ላይ የጎብኚ እጅና እግር ሲጨመር ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ይሆናል።

ስለዚህ ስም መጻፍና መፋቅ ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማበላሸትና መጉዳት በእስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። በግድግዳው ላይ የበቀለን ሥር «ላጽዳው» ብሎ መንቀልም አይገባም፤ ሥሩ ሲነቀል የያዘውን ድንጋይ ይዞ ይወጣልና ያ የባለሙያ ሥራ ነው። የወደቀ ድንጋይም ባለበት ይቆይ። ለማያውቅ ሰው ፍርስራሽ ነው፤ ለጥገና ባለሙያ ግን ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ ከየት እንደወደቀ የሚያመለክት ማስረጃ ነው። ሸክላ፣ ሳንቲም ወይም ሌላ አሮጌ ነገር ያገኘ ሰው ሳያነሳ ቦታውን ፎቶ አንስቶ ለጠባቂው ያሳይ። ግቢው ውስጥ እሳት አይነድ፤ ጭሱ ኖራውን ያጠቁራል፣ ደረቁ ሣርም ኮረብታውን ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል። የውሃ ላስቲክና የማስቲካ ወረቀት ይዞ የወጣ ይዞ ይውረድ።

8. ፎቶና ማስታወሻ

በስልክ ፎቶ ማንሳት ችግር የለውም፤ ሰውን ግን ሳያስፈቅዱ ማንሳት አይገባም። ድሮን ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ያለ ፈቃድ ማብረር ከመታሰር አልፎ ለሕይወትም ያሰጋል። ለግንቡ ጠቃሚ የሚሆነው ፎቶ ሰው ያለበት ሳይሆን ግድግዳው ብቻ፣ ከአንድ ቦታ ፊት ለፊት የተነሳና ቀኑ የተጻፈበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ከዚያው ቦታ ሲያነሳ ስንጥቁ መስፋት አለመስፋቱ ይታያል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይህን ቢያለማምዱ ጉብኝቱ ከሽርሽር ያለፈ ትምህርት ይሆናል።

9. መውረድና መመለስ

ቁልቁለት ከአቀበት ይልቅ ጉልበት ይጎዳል፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀውም ሲወርድ ነው። እርምጃን ማሳጠር፣ ዱላን ከፊት ማስቀደም፣ ከመውረድ በፊት ውሃ መጠጣት ይረዳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ አስፋልቱ ላይ የደረሰ ሰው በብርሃን ወረታ ወይም ጎንደር ይገባል። ከ10 ሰዓት በኋላ ከእንፍራዝ የሚያልፈው መኪና ይቀንሳል፤ ያለውም ሞልቶ ነው የሚመጣው። መኪና ካልተገኘ እዚያው ማደር እንጂ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ በሌሊት መጓዝ አይገባም። ወደ ጋይንትና ስማዳ የሚመለስ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ከመሸበት እዚያው ይደር። በጉና በኩል ያለው መንገድ ሌሊት ጉም ይዞት ከፊት ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም።

አዲስ የወደቀ ድንጋይ፣ የሰፋ ስንጥቅ ወይም የተቆፈረ ጉድጓድ ያየ ጎብኚ ፎቶውንና ያየበትን ቀን በአካባቢው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያደርስ አደራ ይባላል።